የራዲያተር ክዳንና ቁጥሩ፦ ለድሮ መኪና የሚስማማውን ግፊት እንዴት እንመርጥ?



በማኅበረሰባችን ውስጥ የድሮ መኪና የሚነዳ ሰው ጥቂት አይደለም። አንዳንዱ ከአባቱ የወረሰውን ፔዦ 404 እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቃል፤ አንዳንዱ በአሮጌ ላንድሮቨር ዕቃ እያመላለሰ እንጀራውን ይበላበታል፤ አዲስ አበባ ያደገ ሰው ደግሞ ሰይቼንቶ የምንላትን ፊያት 600 አይረሳትም። እነዚህ መኪኖች በአገርም በዕድሜም ቢለያዩ በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ። ሁሉም በውሃ የሚቀዘቅዝ ሞተር አላቸው፤ በራዲያተራቸው ላይም ከእጅ መዳፍ የምታንስ ክዳን ትቀመጣለች። በክዳኗ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ቁጥር ይጻፋል፦ 4፣ 7፣ 10፣ 13 ወይም 15።

(ቮልስ ያላችሁ ቤተሰቦች ግን ክዳን ፍለጋ አትድከሙ። የድሮዋ ቮልስዋገን በአየር የምትቀዘቅዝ ስለሆነች ራዲያተር የላትም።)

የዛሬው ትምህርት ስለዚያ ቁጥር ነው። ብዙ ሰው ክዳን ሲገዛ የሚያየው አፉ ላይ መግጠሙን ብቻ ነው። ሆኖም ቁጥሩ ሳይስማማ ሲቀር ራዲያተሩ ሊቀደድ፣ የሞተሩ ቴስታታ ሊጣመም፣ ከሁሉም የከፋው ደግሞ ክዳኑን የሚከፍተው ሰው ፊቱንና እጁን ሊቃጠል ይችላል። ትክክለኛውን ቁጥር ለመምረጥ ከሰባተኛና ከስምንተኛ ክፍል ሳይንስ የዘለለ እውቀት አያስፈልግም። ስለዚህ ተማሪዎች ከወላጆቻችሁ ጋር ሆናችሁ አንብቡት።

1. ውሃ ሁልጊዜ በ100 ዲግሪ አይፈላም

በመጽሐፋችን ላይ የውሃ ነጥበ ፍሌት 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው ተብሎ ተጽፏል። ይህ እውነት የሚሆነው ግን በባሕር ወለል ላይ ነው። ውሃ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት በላዩ ላይ ከተጫነው የአየር ግፊት ጋር ሲስተካከል ነው። ከፍ ወዳለ ቦታ በወጣን ቁጥር ከላያችን ያለው አየር እየሳሳ ስለሚሄድ ጫናው ይቀንሳል፤ ውሃውም በቶሎ ይፈላል።

ጅቡቲ ከተማ ከባሕር ጠርዝ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ወደ 101 ኪሎ ፓስካል ነው፤ ውሃም በ100 ዲግሪ ይፈላል። ናይሮቢ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ እዚያ ውሃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። አዲስ አበባ ደግሞ ወደ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ስላላት ግፊቱ ወደ 76 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል፤ ውሃም በ92 ዲግሪ ገደማ መፍላት ይጀምራል።

እናቶች ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቁታል። የባቄላ ንፍሮ በደጋ አገር ከቆላው ይልቅ ረጅም ሰዓት እሳት ላይ ይቆያል። ውሃው ቢንተከተክም ሙቀቱ 92 ዲግሪ ላይ ስለሚቆም ባቄላው ቶሎ አይበስልም። መፍትሔው ፕሬዠር ኩከር ነው። ድስቱ እንፋሎቱን አፍኖ ግፊቱን ከፍ ያደርጋል፤ በዚህም ውሃው ሳይፈላ ከ100 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። የራዲያተር ክዳንም የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። ልዩነቱ በድስቱ የምንፈልገው ባቄላው እንዲበስል ሲሆን፣ በመኪናው የምንፈልገው ውሃው እንዳይፈላ መሆኑ ነው።

2. ውሃው በሞተር ውስጥ ቢፈላ ምን ይጎዳል?

በሞተሩ ዙሪያ የሚዞረው ውሃ ሥራው ሙቀትን ተሸክሞ ወደ ራዲያተር ማድረስ ነው። ፈሳሽ ውሃ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ ስለሚያልፍ ሙቀትን በደንብ ይወስዳል። እንፋሎት ግን ሙቀትን ከብረት ለመቀበል ደካማ ነው። በቴስታታው ውስጥ፣ በተለይ የተቃጠለ ጋዝ በሚወጣበት ቫልቭ አጠገብ ውሃው ከፈላና አረፋ ከሠራ፣ ያ ቦታ ያለ ማቀዝቀዣ ይቀራል። ብረቱ ከመጠን በላይ ይግላል፤ ከዚያ ቴስታታው ይጣመማል፣ ጓርኒሲዮኑም ይቃጠላል።

ብዙ የድሮ መኪኖች ቴርሞስታታቸው በ82 ዲግሪ ገደማ ይከፈታል። ይህ ማለት ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ እንኳ ውሃው ከ82 እስከ 90 ዲግሪ ይሞቃል ማለት ነው። አዲስ አበባ ላይ ክዳኑ ግፊት የማይይዝ ከሆነ ውሃው በ92 ዲግሪ ይፈላል። በጤናማው ሙቀትና በመፍላት መካከል ያለው ርቀት ቢበዛ 10 ዲግሪ ብቻ ይሆናል። አንድ ረጅም ዳገት ወይም አንድ የመኪና መጨናነቅ ይህን ርቀት በጥቂት ደቂቃ ይጨርሰዋል።

3. ክዳኑ ውስጥ ምን አለ?

ቀዝቃዛ ክዳን ገልብጣችሁ ብታዩት በውስጡ ሁለት ትንንሽ በሮች አሉ።

የመጀመሪያው የግፊት በር ነው። ጠንካራ ሞላ የጎማ ወንፈሉን ወደ ታች፣ በራዲያተሩ አንገት ውስጥ ወዳለው መቀመጫ ይጫነዋል። ውሃው ሲሞቅ ይሰፋል፤ የሚሄድበት ስለሌለ ግፊት ይፈጠራል። ግፊቱ ከሞላው ኃይል ሲበልጥ በሩ ትንሽ ተነስቶ ትርፉን በጎን ባለው ቀጭን ቱቦ ያስወጣል። በክዳኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ይህ በር የሚከፈትበት ግፊት ነው።

ሁለተኛው በመካከል ያለው ትንሽ የመምጠጫ በር ነው። ማታ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ውሃው ይኮማተራል፤ በራዲያተሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው ያንሳል። በዚህ ጊዜ ትንሹ በር ወደ ውስጥ ተከፍቶ አየር ወይም በትርፍ ዕቃው ያለውን ውሃ ያስገባል። ይህ በር በዝገት ከተጣበቀ ጠዋት ላይ የራዲያተሩ የላይኛው ጎማ ቱቦ ተጨምድዶ ታገኙታላችሁ። እንዲህ ያለ ቱቦ ካያችሁ፣ ቱቦውን ከመለወጣችሁ በፊት ክዳኑን መርምሩ።

4. ቁጥሩ ምን ማለት ነው?

በእንግሊዝና በአሜሪካ ሥሪት ክዳኖች ላይ ቁጥሩ በፒ.ኤስ.አይ ነው፤ ይኸውም በአንድ ካሬ ኢንች ላይ የሚያርፍ የፓውንድ ክብደት ማለት ነው። አንድ ፒ.ኤስ.አይ ወደ 6.9 ኪሎ ፓስካል ይሆናል። በጃፓን ክዳኖች ላይ ብዙ ጊዜ 0.9 ወይም 1.1 ተብሎ ይጻፋል፤ ይህም በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ የሚያርፍ ኪሎ ግራም ነው። 0.9 የሚለው ወደ 13 ፒ.ኤስ.አይ፣ 1.1 የሚለው ደግሞ ከ15 ትንሽ ከፍ ይላል። በአውሮፓ ክዳኖች ላይ ባር የሚል ይገኛል፤ አንድ ባር 14.5 ፒ.ኤስ.አይ ነው።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ሞላው የሚለካው በውስጥና በውጭ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ውጭ ያለው አየር ሲሳሳ በውስጥ ያለው ጠቅላላ ግፊትም አብሮ ይቀንሳል። ስለዚህ ያው 7 የሚል ክዳን ጅቡቲ ላይ የሚሰጠውን ያህል አዲስ አበባ ላይ አይሰጥም። ንጹሕ ውሃ በየከተማው በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ ወደ ሙሉ ቁጥር አጠጋግተን ብናሰላው እንዲህ ይሆናል፦

ግፊት የማይዝ ክዳን፦ ጅቡቲ 100፣ ናይሮቢ 94፣ አዲስ አበባ 92 ዲግሪ።
የ4 ፒ.ኤስ.አይ ክዳን፦ ጅቡቲ 107፣ ናይሮቢ 102፣ አዲስ አበባ 101 ዲግሪ።
የ7 ፒ.ኤስ.አይ ክዳን፦ ጅቡቲ 111፣ ናይሮቢ 107፣ አዲስ አበባ 106 ዲግሪ።
የ10 ፒ.ኤስ.አይ ክዳን፦ ጅቡቲ 115፣ ናይሮቢ 111፣ አዲስ አበባ 110 ዲግሪ።
የ13 ፒ.ኤስ.አይ ክዳን፦ ጅቡቲ 119፣ ናይሮቢ 115፣ አዲስ አበባ 114 ዲግሪ።

ከዚህ ሰንጠረዥ ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፣ ትንሹ የ4 ክዳን አዲስ አበባ ላይ የሚያደርገው ከፍታው የወሰደብንን መመለስ ብቻ ነው፤ ውሃው ባሕር ዳርቻ ላይ ያለ ክዳን እንደሚፈላው ሁሉ በ100 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ፓውንዶች የሚሰጡት ጥቅም ከኋለኞቹ ይበልጣል። ጅቡቲ ላይ ከ0 ወደ 4 ስንሄድ 7 ዲግሪ እናተርፋለን፤ ከ4 ወደ 7 ስንሄድ ግን 4 ዲግሪ ብቻ ነው። ጥቅሙ እየቀነሰ ሲሄድ ጫናው ግን በዚያው ልክ እየጨመረ ይሄዳል። ወደ ዋናው ጉዳይ የሚያደርሰን ይህ ነው።

5. ከፍ ያለ ቁጥር ለምን አይሻልም?

መለዋወጫ መደብር ውስጥ ይህን መሰል ንግግር ብዙ ጊዜ ይሰማል፦

«ጋሼ፣ የ7ቱ አልቋል። ይሄ ግን 15 ነው፤ እንዲያውም ይሻልዎታል።»

«አይ ልጄ፣ ዋጋው አንድ ከሆነማ ጠንካራውን ስጠኝ።»

ነገሩ ሲሰሙት ትክክል ይመስላል። 15 ከ7 ይበልጣልና ውሃው በይበልጥ ከፍ ባለ ሙቀት ይፈላል። ነገር ግን ያንን ግፊት የሚሸከመው ክዳኑ ብቻ አይደለም። ራዲያተሩ፣ ጎማ ቱቦዎቹ፣ የውሃ ፓምፑ ማሸጊያ፣ በመኪናው ውስጥ ያለው የማሞቂያው ትንሽ ራዲያተርና የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሁሉ አብረው ይሸከማሉ።

በሒሳብ እንየው። የራዲያተሩ የላይኛው ጋን አንዱ ጎን 50 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 10 ሴንቲ ሜትር ቁመት አለው እንበል። ስፋቱ 500 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። 7 ፒ.ኤስ.አይ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ወደ ግማሽ ኪሎ ግራም ያርፋል፤ በጠቅላላው ወደ 250 ኪሎ ግራም፣ ማለትም ሁለት ኩንታል ተኩል። 15 ፒ.ኤስ.አይ ሲሆን ግን ከአንድ ኪሎ ግራም ትንሽ ስለሚበልጥ ጠቅላላው ከአምስት ኩንታል በላይ ይደርሳል። የድሮ ራዲያተር ከቀጭን መዳብና ነሐስ ተሠርቶ በስታኞ የተያያዘ ነው። ዕድሜ የጠገበ ስፌት ለሁለት ኩንታል ተኩል ተብሎ በተሠራበት ቦታ አምስት ኩንታል ሲጫንበት፣ አዲስ ክዳን የተገጠመለት ዕለት ካልተቀደደ በመጀመሪያው ረጅም ዳገት ላይ መቀደዱ አይቀርም።

ስለዚህ ክዳኑ ሁለት ሥራ አለው ማለት ነው። አንደኛው ውሃው እንዳይፈላ ግፊት መያዝ ነው። ሁለተኛውና ብዙ ሰው የሚረሳው ደግሞ ግፊቱ ከመጠን ሲያልፍ ቀድሞ ተከፍቶ ሌሎቹን ክፍሎች ማዳን ነው። የመኪናው ሠሪ ቁጥሩን የመረጠው ከጠንካራው ክፍል ጋር አስተያይቶ አይደለም፤ ደካማው ክፍል የሚችለውን አይቶ ነው። ፊውዝ ከመብራቱ መስመር ቀድሞ እንደሚቃጠል፣ ክዳኑም ከራዲያተሩ ቀድሞ መከፈት አለበት። በ7 ቦታ 15 መግጠም ቀጭን ፊውዝ ተነስቶ በምትኩ ወፍራም ሽቦ እንደማሰር ነው።

አንዳንድ ተማሪ እንዲህ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፦ «አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት በ25 ኪሎ ፓስካል ከቀነሰ፣ ያን ለማካካስ ከፍ ያለ ክዳን ብንገጥምስ?» ጥያቄው ብልህ ነው። መልሱ ግን ከላይ ካልነው ይወጣል። ራዲያተሩን የሚወጥረውም የውስጥና የውጭ ልዩነት ነው። በደጋም በቆላም የ7 ክዳን የሚፈጥረው ልዩነት 7 ነው፤ የ13 ክዳንም 13 ነው። ከፍታው የመፍላቱን ሙቀት ዝቅ ያደርጋል እንጂ የስታኞውን ጥንካሬ አይጨምርም።

6. ዝቅ ያለ ቁጥርስ?

በተቃራኒው፣ 13 በሚጠይቅ መኪና ላይ 4 ብንገጥም ምንም አይቀደድም፤ ውሃው ግን ያለ ጊዜው ይፈላል። ከዚህም ሌላ ክዳኑ ቶሎ ቶሎ ስለሚከፈት ውሃ በየጉዞው ይቀንሳል። ሠሪው ሞተሩን ሲነድፍ ከ13 ጋር ለሚመጣ ሙቀት አስቦ ከሆነ፣ ዝቅተኛው ክዳን ያንን ጥበቃ ይነሳዋል። እንግሊዝ አገር ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራችው ኤም.ጂ.ቢ የተባለች መኪና ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። የመጀመሪያዎቹ የ7 ክዳን ነበራቸው፤ በኋላ የመጡት ወደ 10 ከዚያም ከዚያ በላይ ከፍ ተደርጓል። የመኪናዋ ስም አንድ ቢሆንም ቁጥሩ እንደ ሥሪት ዘመኑ ይለያያል። ስለዚህ «የጎረቤቴ መኪና እንዲሁ ናት» ማለት ለምርጫ አይበቃም።

7. ቁጥሩ ልክ ሆኖ ክዳኑ ስህተት ሲሆን

ሌላው ብዙ ሰው የማያየው ነገር የአንገቱ ጥልቀት ነው። ከራዲያተሩ አፍ ጫፍ አንስቶ የክዳኑ ጎማ እስከሚያርፍበት መቀመጫ ድረስ ያለው ርቀት በሁሉም መኪና አንድ አይደለም። በብዙ የድሮ የእንግሊዝ መኪኖች 25 ሚሊ ሜትር፣ በሌሎች ደግሞ 19 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው።

ለጥልቅ አንገት አጭር ክዳን ብትገጥሙ ከላይ በደንብ ይዘጋል፤ በውስጥ ግን ጎማው መቀመጫውን አይነካም። ቁጥሩ 7 ቢልም ግፊቱ ዜሮ ነው። ለአጭር አንገት ረጅም ክዳን ብትጫኑበት ደግሞ ሞላው ከመጀመሪያው ተጨምቆ ስለሚቀመጥ ከተጻፈው ቁጥር በላይ ይይዛል። ሁለቱም ከውጭ ሲያዩት ትክክለኛ ይመስላሉ።

በተጨማሪም መኪናው ትርፍ ውሃ የሚመለስበት ዕቃ ያለው መሆኑን እዩ። ዕቃ ያለው መኪና ከታችኛው ጎማ ሌላ ከላይ፣ በአፉ ጫፍ ላይ የሚያርፍ ሁለተኛ ጎማ ያለው ክዳን ይፈልጋል። ያ ጎማ ከሌለ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ በውሃው ፈንታ አየር ይስባል። ትርፉን በቱቦ መሬት ላይ የሚያፈስ የድሮ መኪና ግን ይህ አያስፈልገውም፤ እንዲህ ባለው መኪና ላይ ራዲያተሩን እስከ አፉ አትሙሉ፤ ውሃው ሲሰፋ የሚሄድበት ጥቂት ቦታ ተዉለት።

8. እንግዲህ እንዴት እንምረጥ?

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። መንገድ ዳር በችኮላ የተገዛ ክዳንም እንዲሁ ነው። ከጉዞ በፊት፣ በእርጋታ፣ እነዚህን ደረጃዎች ተከተሉ።

ሀ) የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ፈልጉ። የሠሪውን ዓመትና የሞተሩን ዓይነት አመሳክራችሁ ቁጥሩን ያዙ። ሌላው ምክር ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ለ) መጽሐፉ ከጠፋ በአሮጌው ክዳን ላይ ያለውን ቁጥር እዩ። ነገር ግን ያ ክዳን ራሱ ከዚህ በፊት ተለውጦ ሊሆን ስለሚችል ያንን መኪና በሚያውቅ መካኒክ አረጋግጡ።

ሐ) ሞተሩ ወይም ራዲያተሩ ከሌላ መኪና የመጣ ከሆነ፣ የሁለቱን ቁጥር አወዳድሩና ዝቅተኛውን ያዙ። ከዚያ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሙቀት ጌጁን በዓይናችሁ ተከታተሉ። ዝቅተኛ ክዳን ሲያንስ በጌጁና በሚቀንሰው ውሃ ቀድሞ ይታወቃል፤ ከፍተኛ ክዳን ሲበዛ ግን የሚታወቀው አንድ ነገር ከተቀደደ በኋላ ነው።

መ) የአንገቱን ጥልቀት በማስመሪያ ለኩ፤ ክዳኑንም ከጠርዙ እስከ ጎማው ለኩ። ሁለቱ መስማማት አለባቸው።

ሠ) በደጋ አገር የምትኖሩና መኪናችሁ 4 የሚል ክዳን ያላት ከሆነች ወደ 7 ከፍ ለማድረግ የሚያስብ ሰው አለ። ይህ የሚቻለው ራዲያተሩ ታድሶ በእጅ ፓምፕ ከ7 በላይ ተነፍቶ ሳያፈስ ሲቆም፣ ቱቦዎቹም ሁሉ አዲስ ሲሆኑ ብቻ ነው። ማሞቂያውም መፈተኑን አትርሱ፤ እሱ ቢቀደድ ትኩሱ ውሃ የሚፈሰው በተሳፋሪው እግር ላይ ነው።

ረ) አዲስም ቢሆን ክዳኑን አስፈትኑ። ብዙ ጋራዦች ክዳኑን ገጥመው በስንት ግፊት እንደሚከፈት የሚያሳይ የእጅ ፓምፕ አላቸው። ፈተናው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል።

9. ክዳኑ የማይሠራው ሥራ

ክዳን ሞተርን አያቀዘቅዝም። ይህን ዓረፍተ ነገር አስምሩበት። ክዳኑ የመፍላቱን ወሰን ወደ ላይ ይገፋል እንጂ ከሞተሩ አንዲት ዲግሪ አይወስድም። ትናንት ደህና የነበረ መኪና ዛሬ ከሞቀ ምክንያቱ ሌላ ቦታ አለ፦ የላላ ፋን ቤልት፣ ያልተከፈተ ቴርሞስታት፣ በዝገትና በጨው የተደፈነ ራዲያተር፣ ያለፈበት የእሳት ሰዓት ወይም የተቃጠለ ጓርኒሲዮን። በዚህ ጊዜ ከፍ ያለ ክዳን መግጠም ትኩሳት ያለበትን ሕፃን ቴርሞሜትሩን እንደመደበቅ ይቆጠራል።

ውሃውን በተመለከተ ጨዋማ የጉድጓድ ውሃ አትጠቀሙ፤ ራዲያተሩን በጊዜ ብዛት ይደፍነዋል። ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለ ፀረ በረዶ ፈሳሽ ዝገትን ይከላከላል፤ ነጥበ ፍሌቱንም በባሕር ወለል ላይ ወደ 107 ዲግሪ ያደርሰዋል። ይህ ፈሳሽ ጣፋጭ ጣዕም ያለው መርዝ ስለሆነ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ውስጥ አድርጎ ማስቀመጥ ፈጽሞ አይገባም። ከልጆችና ከቤት እንስሳት አርቁት።

10. ትኩስ ክዳን አትክፈቱ

ይህን ክፍል በተለይ ለታናናሾቻችሁ አንብቡላቸው።

አዲስ አበባ ላይ በ7 ክዳን ሥር ያለ ውሃ 100 ዲግሪ ደርሶ ሳይፈላ ጸጥ ብሎ ሊቀመጥ ይችላል። ክዳኑን ስትከፍቱት ግፊቱ በቅጽበት ይጠፋል፤ የሚፈላበት ሙቀትም ወደ 92 ይወርዳል። ውሃው ከወሰኑ 8 ዲግሪ በላይ ስለሆነ በዚያው ቅጽበት በሁሉም ቦታ መፍላት ይጀምራል። ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ከ1,600 ጊዜ በላይ ስለሚሰፋ፣ ትንሿ ክፍል ብቻ ተንና የቀረውን ትኩስ ውሃ ወደ ላይ ትወረውረዋለች። የሚያርፈውም ክዳኑ ላይ ባጎነበሰው ሰው ፊት ላይ ነው። ጨርቅ ጠምጥሞ መክፈት ከዚህ አያድንም።

ሞተሩን አጥፉ፤ ኮፈኑን ከፍታችሁ ከግማሽ ሰዓት በላይ ጠብቁ፤ የላይኛው ቱቦ በእጅ ሲያዝ የማያቃጥልና የማይወጠር እስኪሆን ታገሡ። ከዚያም ክዳኑን እስከ መጀመሪያው ማቆሚያ ብቻ አዙራችሁ የቀረው እስኪተነፍስ ቆዩ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አታፍስሱ፤ ብረቱ ይሰነጠቃል። የተቃጠለ ሰው ካለ ቦታውን 20 ደቂቃ ያህል በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር ይያዝ፤ ቅቤም የጥርስ ሳሙናም አትቀቡት፤ ወደ ሕክምና ውሰዱት።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1) በአንድ የጃፓን ክዳን ላይ 0.9 ተጽፏል። በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር አንድ ኪሎ ግራም 14.2 ፒ.ኤስ.አይ ከሆነ፣ ክዳኑ ስንት ፒ.ኤስ.አይ ነው?

2) የአንድ ራዲያተር ጋን ጎን 40 በ8 ሴንቲ ሜትር ነው። 10 ፒ.ኤስ.አይ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር 0.7 ኪሎ ግራም ቢሆን፣ በጎኑ ላይ ስንት ኪሎ ግራም ያርፋል?

3) አንድ ሰው በትክክለኛው ቁጥር አዲስ ክዳን ገዛ። ሞተሩ ሞቆ ሳለ የላይኛው ቱቦ ግን ምንም አልተወጠረም፤ ትርፍ ውሃም በቱቦው ይፈስሳል። መጀመሪያ ምን ይመርምር?

መልስ፦ 1) ወደ 12.8፣ ማለትም 13 ገደማ። 2) 224 ኪሎ ግራም። 3) የአንገቱንና የክዳኑን ጥልቀት፤ ጎማው መቀመጫውን እየነካ አይደለም።

ተማሪዎች፣ ቅዳሜ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ከወላጆቻችሁ ጋር ኮፈኑን ክፈቱና ክዳኑ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ፤ ከመመሪያው መጽሐፍ ጋርም አስተያዩት። ሁለቱ ከተስማሙ ደስ ይበላችሁ። ካልተስማሙ ለእረፍት ጉዞ ከመነሳታችሁ በፊት አስለውጡት። መልካም መንገድ!